ገመዱ ለፔንዱለም ነበር

ብቻችሁን የምትኖሩ ከሆነ ገመድ ለመግዛት ራሳችሁ አትሂዱ፤ ሰው ላኩ። የምትልኩት ሰው ካጣችሁ ደግሞ በእርግጥም ብቻችሁን ናችሁና ጭራሹኑ አትግዙ። ይህን ምክር እናንተ በነፃ ትሰሙታላችሁ እንጂ እኔ በወንበሬ፣ በቢላዬ፣ በምላጬና በሱሪዬ ቀበቶ ነው የተማርኩት።

ጭሮ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስመጣ ፀጉር ነበረኝ፤ ከተማዋም በብዙ ሰው አፍ ገና አሰበ ተፈሪ ነበረች። እሷ የጥንት ስሟ ተመለሰላት፤ የእኔን ፀጉር የሚመልስ አካል ግን እስካሁን አልተገኘም። አላገባሁም። ለምን አላገባህም ለሚለኝ ሰው ድሮ ረጅም መልስ ነበረኝ፤ ጠያቂዎቹ አንድ በአንድ ስለተዉኝ አሁን መልሱንም ረስቼዋለሁ። የምኖረው አዴ ፋጡማ ግቢ ውስጥ፣ ከእሳቸው ቤት ፊት ለፊት በተከራየሁት አሮጌ ቤት ነው። አዴ ፋጡማ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ፣ ከቀትር በኋላ ጫት ተራ ላይ የሚቀመጡ ሴትዮ ናቸው። እኔን የሚጠሩኝ «በርሲሳ» እያሉ ነው፤ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። ጠዋት ስወጣ «በርሲሳ፣ ነጋ?» ይሉኛል፣ ሰላም ነህ ወይ ሲሉ ነው፤ ሰላም ነኝ እላለሁ። ማታ ስገባ እንደገና ይጠይቁኛል፤ እንደገና ሰላም ነኝ። የዕለቱ ጨዋታዬ እዚያ ላይ ያልቃል።

ቤቱ ኮርኒስ የለውም። የድሮ ሰው እንጨት አይሰስትም ነበርና ጣሪያውን የተሸከመው አግዳሚ የሰው ወገብ ያህላል። ከሥሩ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር አለኝ። ሁለተኛ ወንበር አልገዛሁም፤ ማን ሊቀመጥበት? ጠዋት ብርጭቆዬን ያስቀመጥኩበት ቦታ ማታ መጥቼ አገኘዋለሁ። ባለትዳር ባልደረቦቼ ይህን ስነግራቸው ይቀኑብኛል፤ እነሱ ቤት የተቀመጠ ነገር ተገኝቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ አንድ ቀን ብርጭቆው ቦታውን ለቆ ባገኘው ስለት የማስገባ ሰው ነኝ።

ፔንዱለም ምን እንደሆነ የረሳችሁ ካላችሁ አትደንግጡ፤ ፈተና የለም። ገመድ ነው፤ ጫፉ ላይ ክብደት ያለው ነገር ይታሰራል፤ ገፋ ተደርጎ ይለቀቃል፤ ይወዛወዛል፤ አለቀ። በሳይንስ ዓለም እንደሱ ድሃ ሆኖ እንደሱ የተከበረ ዕቃ አላውቅም። የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ሳያውቅ ስንት ዘመን የቆጠረው በእሱ ነው። የሙዚቃ ተማሪ ጣቱ እንዳይቸኩል ቋ፣ ቋ እያለ የሚጠብቀው ሜትሮኖም የሚባለው ሳጥንም ተገልብጦ የቆመ ፔንዱለም ነው። ከሁሉም እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ ከፍ ካለ ቦታ ላይ በረጅም ገመድ ከባድ ብረት ሰቅላችሁ ብታወዛውዙት፣ ሰዓቱ በገፋ ቁጥር የሚመላለስበት መስመር ቀስ እያለ ይዞራል። የዞረው ግን እሱ አይደለም፤ እሱ በአቋሙ እንደጸና ነው፤ የዞረችው ከሥሩ ያለችው ምድር ናት። ይህን ሁሉ ለስንትና ስንት ክፍል ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስዬ አስተምሬያለሁ። በጠመኔ የተሳለ ፔንዱለም ደግሞ አይወዛወዝም።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ተነሣሁና፣ ምድር ስትዞር ቤቴ ሆኜ ማየት አለብኝ አልኩ። ለትምህርቱ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱን ካነሣን ምድር ብትዞርም ባትዞርም ግድ አልነበረኝም፤ ራቴን ስበላ ቀና ብዬ የማየው፣ ከእኔ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር ነበር ያማረኝ።

ክብደቱ ችግር አልነበረም። መቻራ ላይ ቡና የሚሰበስብ የድሮ ተማሪ አለኝ፤ ሚዛኑን በአዲስ ስለቀየረ የአሮጌውን ሚዛን ብረት ልላክልዎ አለኝ። «በአይሱዙ እጭነዋለሁ፣ ነገ ይደርሳል» አለ። የመቻራን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ ያውም ዝናብ በጀመረበት ሰሞን፣ «ነገ» የሚለውን ቃል በዋዛ አያምንም። እኔ ግን አምኜ ገመድ ልገዛ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ።

ሸምሱ የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል። አባቱ ከስልጤ መጥተው እዚህ ሱቅ የከፈቱ ሰው ነበሩ፤ እሱ ጭሮ ተወልዶ፣ እኔ ፊዚክስ አስተምሬው፣ ፊዚክሱን ደጃፍ ላይ አራግፎ ወደ አባቱ ሱቅ የገባ ነው።

«ጠንካራ ገመድ ነበር የፈለግኩት» አልኩት።

«ለፍየል ነው ቲቸር?»

«ፍየል የለኝም። ለቤት ነው።»

«ለልብስ ማስጫ?»

«አይ፣ ከጣሪያ የሚሰቀል ነው። ከባድ ነገር ስለሚይዝ የማይበጠሰውን ስጠኝ።»

«ምንድነው የሚይዘው?»

እዚህ ላይ ጠባዬን ማወቅ አለባችሁ። ሱቁ ውስጥ ሌሎች ገበያተኞች ቆመዋል። ፔንዱለም ልሰቅል ነው ብል፣ እሱ ደግሞ ምንድነው ይባላል፤ ላስረዳ ብል ይሥቁብኛል፤ ይህን የሚያህል ሰው ቤቱን ዘግቶ ብረት ያወዛውዛል ተብሎ ጫት ተራ ላይ ሳምንት ሙሉ እታኘካለሁ። ስለዚህ ኮስተር ብዬ «የግሌ ጉዳይ ነው» አልኩት።

ገመዱን የሚለካበት እጁ ዘገየ። «ይሄ ገመድ ግን ጥሩ አይደለም ቲቸር» አለኝ። «ይበጠሳል። ሌላ ጊዜ ቢመጡ ይሻላል።» የራሱን ዕቃ የሚያማ ነጋዴ በዕድሜዬ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ግድ የለም ብዬ ወሰድኩ። ሲሰጠኝም እጄን ይዞ ትንሽ ቆየ፤ የጥሩ አስተማሪ ትዝታ ነው ብዬ ልቤ ሞቀ።

ቤት ገብቼ ወንበሬን አግዳሚው ሥር አቆምኩ፤ ወጣሁበት፤ ገመዱን አሠርኩ። ብረቱ ሲመጣ የማንጠለጥልበት እንዲሆን ጫፉ ላይ ቀለበት አበጀሁ። ቀለበቱ ሰፋ ማለት ነበረበት፤ አሰፋሁት። ይችል እንደሆነ በሁለት እጄ ሳብ ሳብ አደረግኩት። ይህን ሁሉ የማደርገው በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ነው፤ የምደብቀው ነገር አልነበረኝማ።

«በርሲሳ!»

ዘወር ስል አዴ ፋጡማ በሩ ላይ ቆመዋል። ይዘውት የነበረው የጫት ጥቅል ወድቆ ደጃፉ ላይ ተበትኗል። ገመዱን አዩ። እኔን አዩ። እግሬ ሥር ያለውን ወንበር አዩ። ከዚያ «ወንበሩን አውሰኝ» አሉ።

«አሁን?»

«አሁን! እንግዳ መጥቶብኛል አቦ፣ ቆሞ ነው ያለው!»

በአንድ እጃቸው ወንበሩን፣ በሌላው የሱሪዬን እግር ጨምድደው ይዘዋል። ወረድኩ። ወንበሩን አንስተው ሮጡ፤ በዚያ ዕድሜያቸው እንደዚያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። ወደ ግቢው ስመለከት ቆሞ የነበረው እንግዳ ፍየላቸው ብቻ ነበር። ሰው ሲያረጅ እንዲህ ነው ብዬ አዘንኩላቸው።

በነጋታው የእድራችን ዳኛ አቶ በቀለ መጡ። አቶ በቀለ እኔ ቤት መጥተው አያውቁም፤ የእድር ዳኛ በቁምህ እያለህ ቤትህ የሚመጣበት ምክንያት የለውም። ገብተው ገመዱን ቀና ብለው አዩና ወዲያው ጎንበስ አሉ፤ ስለ ዝናቡ አወሩኝ፤ ከዚያ «ቢላዋ ካለህ አውሰኝማ» አሉ።

«ለምን ይሆን?»

«በግ ልናርድ ነው።»

«በሁዳዴ?»

አሳላቸው። አቶ በቀለ በጾም ወቅት በግ ካለፈበት መንገድ የሚያልፉ ሰው አይደሉም። «ለፋሲካ ነው እንጂ» አሉ በመጨረሻ፤ «እጄን ከአሁኑ ላፍታታ ብዬ ነው።» ሰጠኋቸው። በእኛ ሰፈር ውሰት የተጠየቀ ሰው አይከለክልም፤ እምቢ ያለ እንደሆነ ስሙ ከሱ በፊት ገበያ ይደርሳል።

ከዚያ ወዲያ ከእኔ ቤት የማይዋስ ሰው ጠፋ። አዴ ፋጡማ በረኪናዬን ወሰዱ። ምላጬን የወሰደው ጢም የማያበቅል ጎረቤት ነው። ሸምሱ ደግሞ «ቲቸር፣ ቀበቶዎ ያምራል፤ እንደሱ ላስመጣ ስለሆነ ለናሙና ይስጡኝ» ብሎ ከወገቤ ላይ ፈታው። የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ ሰው ቀበቶ ምን ያደርግለታል ብዬ መጠየቅ የነበረብኝ ያኔ ነበር። አልጠየቅኩም። በግራ እጄ ሱሪዬን፣ በቀኝ እጄ ጠመኔ ይዤ ሳስተምር ሰነበትኩ፤ ቤት ስገባም ሽንኩርት በጥርሴ እከትፋለሁ። ገመዱን ግን ማንም አልተዋሰኝም። ሁሉም ያዩታል፤ ሁሉም አላየሁም ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ክፉ ነገር በስሙ ከተጠራ አቤት ይላል ተብሎ ይፈራል።

ብረቱ አልመጣም። ስደውል ተማሪዬ «አይሱዙው ጭቃ ይዞት ነው፤ ነገ» ይለኛል። ገመዱ ባዶውን፣ ቀለበቱን ከፍቶ፣ ቤቴ መሐል ተንጠልጥሏል።

ከመዋስ ቀጥሎ መቀመጥ መጣ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አቶ በቀለ ደጃፌ ላይ ይጠብቁኛል። ሸምሱ ሱቁን ዘግቶ ጫቱን ይዞ ይመጣል፤ እኔ ቤት ቁጭ ብሎ ይቅማል። መቀመጫ ስለሌለ አቶ በቀለ ከእድሩ ግምጃ ቤት አግዳሚ ወንበሮች አስመጡ። አዴ ፋጡማ ገበያቸውን ለሰው ትተው ሹሞ የሚሉትን ንፍሮ ቀቅለው ያመጣሉ፤ የቡና ገለባ አፍልተው ሆጃ ይቀዱልኛል፤ ጾም መሆኑን አውቀው የእኔን ያለ ወተት ለብቻ ነው የሚያፈሉት። ለመሄድ ሲነሡም አንዱ ሳይመጣ ሌላው አይወጣም። የንስሐ አባቴ እንኳ ሳልጠራቸው መጥተው ስለ ኢዮብ ትዕግሥት አስተማሩኝ፤ ሲያስተምሩኝ የሚያዩት ግን ጣሪያውን ነበር።

ይህን ሁሉ ስታዩ እናንተ ነገሩ ገብቷችኋል። እኔ አልገባኝም። እውቀት ለብቻው ሞኝነትን አያስጥልም። እኔ የመሰለኝ ሰፈሩ ዘግይቶም ቢሆን ዋጋዬን ያወቀ ነው። የእድሩ ጸሐፊ ሊያደርጉኝ ነው ብዬ መስተዋት ፊት የምስጋና ንግግር ተለማመድኩ። «ለዚህ ታላቅ ኃላፊነት ስታጩኝ» ብሎ ይጀምራል፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ያስለቅሳል። ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወደ ቤት ስሄድ እግሬ ይፈጥን ጀመር። ብርጭቆዬን አስቀምጬ በሄድኩበት አላገኘውም፤ አንድ ቀን አልጋ ሥር፣ አንድ ቀን መስኮት ላይ፣ አንድ ቀን አቶ በቀለ እጅ ላይ።

አንድ ቀን አዴ ፋጡማን «ወንበሬን ቢመልሱልኝ፤ ብረቱ ሲደርስ ወዲያው ወጥቼ ልሰቅል» አልኳቸው። ስለ ብረቱ ነግሬያቸው እንደማላውቅ ትዝ አላለኝም። እሳቸው የሰሙት «ወጥቼ ልሰቅል» የሚለውን ይመስለኛል። የያዙትን ጀበና ቁጭ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ።

«ወላሂ አልሰጥህም! ግደለኝ፣ አልሰጥህም! እኔ ግቢ ውስጥ? እኔ እያለሁ? ማሎ በርሲሳ፣ እባክህ! ምን ሆንክ? ማን አስከፋህ? ሰው ከከፋው ለሰው ይናገራል እንጂ ለገመድ ይናገራል?»

ገመዱን ቀና ብዬ አየሁ። ቀለበቱን አየሁ። ወንበሩ፣ ቢላዋው፣ በረኪናው፣ ቀበቶው በአንድ ጊዜ ዞረው መጡብኝ። ልሥቅ አፌን ከፈትኩ። «ፔንዱለም ነው እኮ፣ አዴ ፋጡማ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እንዲያው በበሩ ወደ ውጭ ሳይ ሸምሱ ጥቅሉን በብብቱ ሸጉጦ በዝናብ ውስጥ እየሮጠ ይመጣል። ይህን ካልኩ ነገ ማን ይመጣል አልኩ በልቤ። አፌን መልሼ ዘጋሁት። «እሺ፣ ወንበሩ ይቆይ» አልኩ።

አዎ፣ አውቄ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ የበላሁት ሹሞ ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቆም ጀመር። ቢሆንም በላሁ።

ነገር ደግሞ ዝም ሲሉት ይፋፋል። የእድር ወንበር ተደርድሮ የታየበት ቤት ምን ቤት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ጋሽ ታደሰ በዚያ ሲያልፉ ወንበሩን አዩና ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እያነቡ ገቡ። እኔ በሩ ላይ ተቀብዬ አቀፍኳቸው፤ ትከሻዬ ላይ አለቀሱ። «ማን ሞቶ ነው ጋሽ ታደሰ?» አልኳቸው በአዘኔታ። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ዓይናቸው ተገለበጠ። ውኃ ረጭተን ስናነቃቸው የመጀመሪያ ቃላቸው «አንተን ልቀብር ነበር የመጣሁት» የሚል ሆነ። ሁሉም ሣቀ። እኔ ግን እኔ ብሞት ቢያንስ ጋሽ ታደሰ እንደሚያለቅሱልኝ አወቅኩ፤ ሰው ይህን በሕይወት እያለ ማወቅ የለበትም፤ ያባልጋል።

የኋላ ኋላ ያስተነፈሰኝ የአዴ ፋጡማ ስልክ ነው። ቤቴ ተቀምጠን ሳለ ጮኸ። በኦሮምኛ ነበር የሚያወሩት፤ እኔም እዚህ ያፈሰስኩት ፀጉር በከንቱ አይደለም፣ እሰማለሁ። መሰላ ወረዳ ያገባችው የመጨረሻ ልጃቸው ወልዳለች። እናቴ ነይልኝ ትላለች። አዴ ፋጡማ «እግሬን አሞኛል የኔ ልጅ፣ ሲሻለኝ እመጣለሁ» አሏት። እግራቸውን አላመማቸውም። ስልኩን ዘግተው በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ «ጠጣ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» ብለው ሆጃውን ወደ እኔ ገፉት።

አፈርኩ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። አራስ ልጃቸውን ትተው እዚህ ተቀምጠው የሚጠብቁት አንድ ጤነኛ፣ ሹሞ በላተኛ፣ ውሸታም የፊዚክስ መምህር ነው። ተነሥቼ ቆምኩ። «ስሙኝ» አልኩ፣ «ይህ ገመድ ለሳይንስ ነው። ፔንዱለም ይባላል። ብረት ይንጠለጠልበታል፤ ምድር መዞሯን ያሳያል።»

አቶ በቀለ ቀስ ብለው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «አዎ፣ አዎ» አሉኝ፣ ትኩሳት ያለበት ሕፃን እንደሚያባብሉ፤ «ለሳይንስ ነው። ልክ ነህ።» ሸምሱን በዓይናቸው ጠቀሱት። ሸምሱ ሲወጣ የአልጋ አንሶላዬን ይዞ ወጣ።

መቻራ ደወልኩና ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ እንደገና ለመንኩ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አይሱዙው ደጃፋችን ላይ ጥሩንባውን ነፋ። ሹፌሩ ብረቱን በጆንያ ጠቅልሎ፣ ወገቡን ይዞ እያቃሰተ አምጥቶ ወለሉ ላይ ጣለው። «የቲቸር ዕቃ ይኸው!» ብሎ ሄደ። ቤቴ የነበሩት ሦስቱም ጠባቂዎቼ ብረቱን አዩት።

«ወንበሬን» አልኩ።

ማንም አልተነቃነቀም። በመጨረሻ አቶ በቀለ ፈረዱ፤ ወንበሩ ይመጣል፣ እኔ ስወጣ አንድ እግሬን እሳቸው፣ አንዱን ሸምሱ ይይዛል። እንዲሁ ሆነ። ሁለት ሰው እግሬን አንቆ ይዞ፣ አዴ ፋጡማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ዱዓ እያደረጉ፣ እንደምንም የብረቱን ጆሮ ቀለበቱ ውስጥ አስገባሁ። ወረድኩ። ብረቱን ወደ ግድግዳው ጎትቼ ለቀቅኩት።

ሄደ። መጣ። ሄደ። መጣ። ትልቅ፣ ጥቁር፣ የማይቸኩል ነገር ቤቴን ከዳር እስከ ዳር ይጠርግ ጀመር።

«ቲቸር» አለ ሸምሱ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ ያኔ ሰሌዳ ላይ ይስሉልን የነበረው ነው እንዴ?»

«እሱ ነው።»

«ያኔ እኮ አይንቀሳቀስም ነበር!»

አዴ ፋጡማ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው መሣቅ ጀመሩ፤ ሣቁ ወደ ልቅሶ ሄደ፣ ከልቅሶ ተመልሶ ወደ ሣቅ መጣ። አቶ በቀለ ግን ተቆጡ። «አንተ ሰው! በሁዳዴ በግ አርዳለሁ ያስባልከኝ ለዚህ ነው?» ትንሽ ቆይተው ግን «ታዲያ ምድር ትዞራለች አላልክም? ዞረች?» አሉ። ይህን ጊዜ አንድ የረሳሁት ነገር ትዝ አለኝ። እዚያ ርቆ በሰሜን ጫፍ ያለ ሰው ፔንዱለም ቢሰቅል መስመሩ በአንድ ቀን ዙሩን ይጨርሳል፤ እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ግን ሳምንት ገደማ ይወስድበታል፤ ብረቱ ደግሞ ያን ያህል ሳይቆይ ደክሞት ይቆማል። አስረዳኋቸው። «እኛ አገር መቼ የሚቸኩል ነገር አለ» ብለው ተቀበሉኝ።

አዴ ፋጡማ ከብረቱ ጋር ማጨብጨብ ጀመሩ። «ይሄ እንደ መንዙማ ነው» አሉ፣ «ግን በጣም ቀሰስ ይላል። ፍጠን በለው!» ገመዱን ጠቅልዬ አሳጠርኩት፤ ብረቱ ምልልሱን አፈጠነ። ክብደቱ እንዳለ ነው፣ ፍጥነቱን የለወጠው የገመዱ ርዝመት ነው ስላቸው ማንም አልሰማኝም። እሳቸው በዝግታ ማንጎራጎር ጀምረዋል፤ ሸምሱ ጠረጴዛዬን እንደ ድቤ ይመታል፤ አቶ በቀለ ጾም ስለሆነ አያጨበጭቡም፣ እግራቸው ግን ከጾሙ ያመለጠ ይመስል መሬቱን ይረግጣል። ቤቴ ያን ቀን የሰው ቤት ነበር።

ሁሉም ነገር ሲያልቅ በሩ ላይ ቆመው «እንግዲያው ደህና ነህ አይደል?» አሉኝ። «ደህና ነኝ፣ አታስቡ» አልኩ። ከልባቸው አመኑኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዕቃዬ ሁሉ ተመለሰ፤ ቀበቶዬ፣ አንሶላዬ፣ የአቶ በቀለን እጅ ያላፍታታው ቢላዋዬ። የእድሩ ወንበሮች ተጭነው ሄዱ። አዴ ፋጡማ በማግስቱ ማልደው ወደ መሰላ ተሳፈሩ።

እኔም ቤቴ ገባሁ። ብረቱን ገፋሁት፤ ሄደ፣ መጣ። ለመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነበር። ራቴን እየበላሁ አየዋለሁ። ግን ፔንዱለም አንድ ጠባይ አለው፤ ካልገፉት ይቆማል፤ የሚገፋው ደግሞ እኔው ነኝ። ለካ ሲንቀሳቀስ የምመለከተው የራሴን ክንድ ነው። ሽንኩርት ልከትፍ ቢላዋዬን አነሣሁ፤ ሽንኩርቱን ገና ሳልልጠው ዓይኔ አነባ። ናፈቁኝ። ቀላል ነገር አይደለም፣ አንጀቴን ነው የበሉት። ሱቅ በር ሳልፍ ሸምሱ «ቲቸር!» ብሎ እጁን ያነሣልኛል፤ ደንበኛ ይዞታል። አቶ በቀለ ከጤነኛ ሰው ጋር ምን ጉዳይ አላቸው። ማታ ማታ ግቢው ጨለማ ሆኖ ይጠብቀኛል። እንደገና ገመድ ልግዛ እንዴ ያልኩበትም ቀን አለ፤ ይህንን በሣቅ እለፉት፣ እኔም በሣቅ ነው ያለፍኩት።

ሰንበትበት ብሎ አንድ አመሻሽ ላይ ከትምህርት ቤት ስገባ የአዴ ፋጡማ መስኮት በርቷል። ከመሰላ ተመልሰዋል። የሽሮ ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። እኔ ራቴን ጠረጴዛዬ ላይ አቀረብኩ፤ ተቀመጥኩ፤ ዳቦውን ቆረስኩ፤ ዳቦው እጄ ላይ ቀረ። ተነሥቼ ግቢውን አቋረጥኩ። ይህን ሁሉ ዘመን ፊት ለፊት ስንኖር ያንን በር አንኳኩቼ አላውቅም። እየሄድኩ ሰበብ እፈልጋለሁ፤ ልጅዎ እንዴት ናት ልበል፣ የቤት ኪራዩን ልጠይቅ፣ ጣሪያው ያፈሳል ልበል። በሩ ጋ ስደርስ ሁሉም ጠፋብኝ። አንኳኳሁ።

አዴ ፋጡማ ከፈቱ። ከውስጥ የመብራቱ ብርሃንና የሽሮው ሽታ አብሯቸው ወጣ። ደንግጠው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ምነው በርሲሳ? ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩ» አልኩ። ከዚያ እውነቱን ተናገርኩ። «ብቻዬን መብላት አቃተኝ።»

ያዝኑልኛል ብዬ ነበር፤ ወይም ይሥቁብኛል። ሁለቱንም አላደረጉትም። ተቆጡ፤ እንደ እናት ዓይናቸውን አፍጥጠው ተቆጡ።

«ለዚህ ደግሞ በር ይንኳኳል?» አሉኝ። «ግባ አቦ!»